ለጽሕፈት ሱቅም ለማታ ጨዋታም የሚሆን ሰፊ ሞኒተር፦ ውዱ ኦሌድ ወይስ ርካሹ ቪኤ?

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው ደብረ ብርሃን ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኅትመት ሥራ የሚሠሩባት አነስተኛ ሱቅ አለቻቸው። ቀን ቀን ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድና የመመረቂያ ጽሑፍ ሲተይቡና ሲያሰናዱ ይውላሉ፤ ማታ ሱቋ ከተዘጋች በኋላ በዚያው ኮምፒውተር ጌም ይጫወታሉ። የጠቀሷቸው ጌሞች ኤልደን ሪንግ፣ ፎርዛ ሆራይዘን 5 እና ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ናቸው። ግራፊክስ ካርዳቸው አርቲኤክስ 3060 ነው። ሁለት ባለ 34 ኢንች ሰፊ ሞኒተሮች ቀርበውላቸዋል፤ አንደኛው ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚመጣ ባለ 175 ሄርዝ (ምስሉን በሰከንድ 175 ጊዜ የሚያድስ) የኤልየንዌር ኦሌድ፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ያዩት ባለ 144 ሄርዝ የሻኦሚ ቪኤ ነው። የመጀመሪያው ዋጋ የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ ያህላል። ሻጩ በመሐል ከሁለቱም የሚረክስ ሌላ ባለ 34 ኢንች አሳይቷቸዋል። «የቱን ልግዛ? ውዱስ በእርግጥ የዋጋውን ያህል ይበልጣል ወይ?» ይላሉ።

ሁለተኛውን ይግዙ። ሦስተኛውን ግን ቢለምኑዎትም አይውሰዱ። ይህን ስል ኦሌዱ ስሙ ከሥራው የገዘፈ ዕቃ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለማታ ጨዋታ እሱን የሚስተካከል ሞኒተር ጥቂት ነው። ሆኖም አንድ ሞኒተር ዋጋውን የሚያወጣው በሚቀመጥበት ክፍል፣ በሚሰካበት መብራትና በሚውልበት ሥራ ነው፤ የእርስዎ ሱቅ፣ የከተማችን መብራትና የቀን ሥራዎ ደግሞ ሦስቱም ኦሌዱን የሚጎዱ ናቸው። የዋጋው ልዩነት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ስለ ዋጋ በብር አልናገርም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጠራ ዋጋ ከወር በኋላ አይገኝምና «ሦስት እጥፍ» የሚለው የእርስዎ አገላለጽ ከቁጥር ይልቅ ይጠቅመናል።

በመጀመሪያ ያ ትርፍ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ በትክክል እንወቅ። በተለመደው ኤልሲዲ ሞኒተር ከጀርባ ያለማቋረጥ የሚበራ ብርሃን አለ፤ ከፊቱ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እንደ መጋረጃ እየተከፈተና እየተዘጋ ምስሉን ይሠራል። መጋረጃው ብርሃኑን ይጋርደዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ አይፒኤስ የሚባለው ፓኔል (የስክሪኑ ገጽ) በጣም ብሩሁንና በጣም ጥቁሩን የሚለየው አንድ ለሺህ ገደማ ሲሆን፣ ቪኤ የሚባለው ደግሞ መጋረጃው ጠበቅ ብሎ ስለሚዘጋ አንድ ለሦስት ሺህ ገደማ ይደርሳል። በኦሌድ ግን እያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉን የምትሠራው ጥቃቅን ነጥብ) ራሱን የቻለ ኩራዝ ነው፤ ጥቁር ማለት ኩራዙ ጠፋ ማለት ነው። ፒክስሉ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ጊዜም ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ስለሆነ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገር ጭራ አያስከትልም። የጠየቁት ኤልየንዌር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በ1,299 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ፣ የሳምሰንግ ዲስፕሌይን ኪውዲ ኦሌድ (የኦሌድ አንድ ዓይነት) ፓኔል የያዘ የመጀመሪያው የጌም ሞኒተር ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ የኤልደን ሪንግን ዋሻዎች በእርሱ ያየ ሰው ወደ ኤልሲዲ ሲመለስ ዋሻው ውስጥ ጭስ የገባ ይመስለዋል። ይህን የምጽፈው በኋላ የምለው ሁሉ ከቅናት የመነጨ እንዳይመስልዎት ነው።

አሁን ወደ ሱቅዎ እንግባ። ኩራዝ ሲነድ ያልቃል፤ የኦሌድ ፒክስልም በበራ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይደክማል። ፊልምና ጌም ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር እየቀያየሩ ስለሚያበሩት ድካሙ ለሁሉም ፒክስል ይከፋፈላል። የጽሕፈት ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። የዎርድ የላይኛው የመሣሪያ ረድፍ፣ ከታች ያለው የዊንዶውስ አሞሌ፣ መሐል ላይ የተቀመጠው ነጭ ገጽ ከጠዋት እስከ ማታ ከቦታቸው አይነቃነቁም። እርስዎ እንደጻፉልኝ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይሠራሉ፤ ይህ 54 ሰዓት ነው። ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጫወቱ በሳምንት 14 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ሞኒተሩ ዕድሜውን የሚጨርሰው በአብዛኛው በማመልከቻ ላይ ነው ማለት ነው፤ ከጊዜ በኋላም ግራጫ ሰማይ በሚታይበት የፎርዛ መንገድ ላይ የዎርድ ገጽ ጠርዝ እንደ ጥላ ተዘርግቶ ያገኙታል። በርን ኢን የሚባለው ይህ ነው። አንድ ጊዜ ከተቀመጠ ደግሞ የሚጠግነው ባለሙያ የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ለኦሌድ ሞኒተር መድኃኒት አበጅተውለታል፤ መድኃኒቱ ግን ከእኛ ልማድ ጋር አይጣጣምም። ይህ ሞኒተር በድምሩ አራት ሰዓት ገደማ ከሠራ በኋላ፣ ስናጠፋው ወይም ወደ እንቅልፍ ሲገባ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ፒክስሎቹን እየለካ ያስተካክላል። 1,500 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ጠለቅ ያለ ማስተካከያ አለው፤ በእርስዎ አጠቃቀም ይህ በየአምስት ወሩ ገደማ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ የጠፋ ቢመስልም መብራት ያስፈልገዋል። እኛ ደግሞ ሱቅ ስንዘጋ መጀመሪያ የምናደርገው ዲቫይደሩን መንቀል ነው። ደግ ልማድ ነው፤ እሳትን የሚፈራ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። ነገር ግን ዲቫይደሩ በተነቀለ ቁጥር ሞኒተሩ ሕክምናውን ሳያገኝ ያድራል። እርስዎ ባይነቅሉትም መብራት በሄደ ጊዜ ሕክምናው መሐል ላይ ይቋረጣል። አንድ ቀን ቢዘለል ጉዳት የለውም፤ ልማድ ሲሆን ግን ፓኔሉ ከዕድሜው በፊት ያረጃል።

ሠሪው ለዚህ ሞዴል በርን ኢንን ጭምር የሚሸፍን የሦስት ዓመት ዋስትና ይሰጣል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋስትና የሚሠራው ዕቃውን ተቀብሎ የሚቀይር አካል በአቅራቢያ ሲኖር ነው። በዘመድ ሻንጣ የመጣን 34 ኢንች ሞኒተር በዚያው ሻንጣ መልሶ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ያመጣልዎትን ዘመድ ይጠይቁት።

ብዙዎች የማያነሱት ሌላ ጉዳይ ፊደላችን ነው። በተለመደው ሞኒተር የእያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ዊንዶውስም የፊደልን ጠርዝ የሚያለሰልሰው ይህን ሰልፍ ታሳቢ አድርጎ ነው። በኪውዲ ኦሌድ ግን ሦስቱ ቀለማት ሦስት ማዕዘን ሠርተው ስለተቀመጡ፣ አግድም በተሠመረ ነገር ላይ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ሐምራዊ መሳይ ጭረት ይታያል። ጌም ሲጫወቱ ይህ ከነመኖሩም ትዝ አይልዎትም። በ12 ነጥብ ኒያላ ግዕዝ ፊደል ሲተይቡ ግን ያስተውሉታል፤ ምክንያቱም ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ዘ እና ዠ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ በተሠመረችው አንዲት አግድም ጭረት ብቻ ነው። የላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ያን ያህል የማይጨነቅበት ጉድለት ለእኛ ጽሑፍ በትክክል ሆሄውን በሚለየው ቦታ ላይ ያርፋል። አያስነብብም አልልም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲያነቡት ዓይን ያደክማል።

ብርሃኑንም ያስቡት። የሱቅዎ በር ወደ መንገድ የተከፈተ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ስክሪኑ ላይ የውጭ ብርሃን ያርፋል። ይህ ዓይነቱ ኦሌድ ነጸብራቅን የሚቀንሰው ፖላራይዘር የሚባል ሽፋን ስለሌለው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ጥቁሩ ወደ ግራጫና ሐምራዊ ይቀየራል። ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈሉበት ጥቁር የሚታየው በሩ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለ ካርድዎና ስለ ጌሞቹ። ሁለቱም ሞኒተሮች 3440 በ1440 ፒክስል አላቸው፤ ይህ ወደ 4.95 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ ምናልባት አሁን ያለዎት 1920 በ1080 ከሆነ ደግሞ እሱ 2.07 ሚሊዮን ብቻ ነው። አርቲኤክስ 3060 ከእንግዲህ በእያንዳንዱ ፍሬም (ካርዱ በሚሠራው አንድ ምስል) ሁለት እጥፍ ከሩብ የሚበልጥ ሥራ ይጠበቅበታል። ፎርዛን ቅንብሩን መጠነኛ አድርገው በደንብ ይጫወቱታል፤ ዲኤልኤስኤስን (ካርዱ ምስሉን በትንሹ ሠርቶ የሚያሰፋበትን ዘዴ) ካበሩ ደግሞ የተሻለ ይሆናል። በከባድ ጌሞች ግን በሰከንድ ከ60 ፍሬም ብዙም ፈቀቅ አይሉም። 144 እና 175 ሄርዝ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ማለትም የ6.9 እና የ5.7 ሚሊሰከንድን ልዩነት፣ በዚህ ካርድ ይቅርና በእጥፍ በሚበልጠውም ለይቶ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ 175 የሚለው ቁጥር ከውሳኔዎ ይውጣ።

ኤልደን ሪንግ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጌሙ ሲሠራ በ16 ለ9 ስፋት፣ ማለትም በተለመደው ሞኒተር ቅርጽ፣ እና በሰከንድ በ60 ፍሬም ተቆልፎ ነው፤ ሰፊ ሞኒተር ላይ ሲከፍቱት ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር ዓምዶች ይቆማሉ። 34 ኢንች ሰፊ ሞኒተር ቁመቱ ከተለመደው 27 ኢንች ጋር እኩል ስለሆነ፣ ኤልደን ሪንግን የሚጫወቱት በ27 ኢንች ሞኒተር ላይ ነው ማለት ነው። ኦሌድ ላይ እነዚያ ዓምዶች ተጨማሪ ዕዳ ያመጣሉ፤ መሐሉ ሲነድ ዳርና ዳሩ ያርፋልና ድካሙ እኩል አይሆንም። ዩሮ ትራክና ፎርዛ ግን ሙሉውን ስፋት ይጠቀሙበታል፤ በተለይ የጭነት መኪናው የግራና የቀኝ መስታወት ያለ ማዞር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲታዩ፣ ሰፊ ሞኒተር ለምን እንደተሠራ ይገባዎታል። ከጨዋታ ጊዜዎ አብዛኛውን የሚወስደው ኤልደን ሪንግ ከሆነ ግን፣ ጭራሽ ሰፊውን ትተው 2560 በ1440 የሆነ 27 ኢንች ቢገዙ ያንኑ ምስል በቀነሰ ዋጋ ያገኛሉ። የቀን ሥራዎ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን መዘርጋት ስለሚፈልግ እንጂ፣ እኔም ወደዚያ ባደላሁ ነበር።

አሁን የምመክርዎትን ሞኒተር ነውር ልንገርዎት፤ አለበለዚያ በታኅሣሥ ወር ይረግሙኛል። ቪኤ ፓኔል ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ሲሸጋገር ዘገምተኛ ነው። በ144 ሄርዝ አንድ ፍሬም የሚቆየው 6.9 ሚሊሰከንድ ሲሆን፣ ይህ ሽግግር ግን ሦስትና አራት ፍሬም ሊፈጅበት ይችላል። የሚታየውም እንዲህ ነው፦ በዩሮ ትራክ ሌሊት ሲነዱ የመንገድ ዳር ዛፎች ግንድ ከኋላው የቀለም ብሩሽ የተጎተተበት ይመስል ጥቁር ጭራ ይዞ ያልፋል። ቀን በሆነ ትዕይንት ላይ አያዩትም።

ፈሳሽ ክሪስታል ደግሞ እንደ ዘይት ነው፤ ሲበርደው ይወፍራል፣ ሲወፍር ይዘገያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ውርጭ ሣሩን ነጭ የሚያለብስባቸው ሌሊቶች አሉ። እኔ በምሠራበት ክፍል አንድ ቪኤ ሞኒተር አለኝ። በታኅሣሥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋቢ ተከናንቤ ስከፍተው፣ በጥቁር መደብ ላይ ጥቁር ግራጫ ጽሑፍ እያንሸራተትኩ ብመለከት ፊደላቱ ወደ ላይ ሲሄዱ ጭራቸውን ከኋላቸው እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። ግማሽ ሰዓት በርቶ ጀርባው ለእጅ ሞቅ ሲል ያው ጽሑፍ ጭራው ግማሽ በግማሽ ያጥራል። የአዲስ አበባ ወይም የውጭ አገር ሰው ስለዚህ ሞኒተር ሲናገር የሚናገረው ስለ ሞቀ ሞኒተር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀን ሲሠሩበት ስለሚውሉ ማታ ለጨዋታ ሲቀመጡ ሞኒተሩ ሞቆ ይጠብቅዎታል። እግረ መንገዴን፣ ይህን የሚያነቡ የሸዋ ሮቢት ሰዎች ካሉ የእናንተ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ሙቀቱ የቪኤን ጭራ ያሳጥርላችኋል፤ ኦሌድን ግን ቶሎ ያስረጃል።

ጭራውን ለመቀነስ በሞኒተሩ ቅንብር ውስጥ ኦቨርድራይቭ ወይም ሪስፖንስ ታይም የሚል አለ። መካከለኛው ላይ ያድርጉት። የመጨረሻውን ከመረጡ ጥቁሩ ጭራ ይጠፋና በምትኩ ነጭ ጥላ ይወጣል፤ እሱ ይበልጥ ያስቀይማል። ሌላው የቪኤ ጠባይ፣ ፍሬሙ ከፍ ዝቅ ሲል የስክሪኑ ብርሃን መርገብገቡ ነው፤ በተለይ ጌሙ ሲጫን ይታያል። ፍሬሙን ካርድዎ ሳይቸገር በሚይዘው ቁጥር ላይ ቢገድቡት ይበርዳል። ፍሪሲንክ የተባለው፣ የሞኒተሩን ፍጥነት ከካርዱ ፍሬም ጋር የሚያመሳስለው ዘዴ፣ እንደ እርስዎ ባለ የኤንቪዲያ ካርድ አይሠራም የሚል ወሬ ከሰሙ ያረጀ ወሬ ነው፤ ከጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ ገብተው ያብሩት።

ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ርካሹ ርካሽ እንምጣ። ሻጩ ያሳየዎት 2560 በ1080 የሆነ 34 ኢንች ነው። ስፋቱ እኩል፣ ፒክስሉ ግን 2.76 ሚሊዮን ብቻ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ ሲቆጠር የሻኦሚው 110 ገደማ ሲሆን፣ የዚህኛው 82 ገደማ ይሆናል። ለካርድዎ ቀላል ይሆንለታል፤ ጌሙም ይሮጣል። ችግሩ ያው ፊደላችን ነው። በ82 ፒክስል ላይ በዠ አናት ላይ ያለችው ጭረት የአንድ ፒክስል ያህል ትሆንና ከታችኛው ጋር ትዋሐዳለች። አንድ ሌላ ጽሕፈት ቤት በዚህ ዓይነት ሞኒተር የተሠራ የሠርግ ካርድ አይቻለሁ፤ «ጋባዦች» መባል የነበረበት «ጋባዞች» ተብሎ ሁለት መቶ ቅጂ ታትሟል። ተይቦ ያረመውም፣ ደግሞ ያነበበውም ሰው ስክሪኑ ላይ ልዩነቱን አላየውም። 2560 በ1080 መልካም የሚሆነው በ29 ኢንች ነው፤ በ34 ላይ ከተዘረጋ የፒክስሉ ጥልፍልፍ ጎልቶ ይታያል። ሞኒተር ሲመርጡ ከፓኔሉ ዓይነት በፊት የፒክስሉን ብዛት ይጠይቁ የምለው ስለዚህ ነው።

የካርቶኑ ላይ ጽሑፎች። «1 ሚሊሰከንድ» የሚለው በአብዛኛው የጀርባው ብርሃን እየበራና እየጠፋ በሚሠራበት ልዩ ቅንብር የተለካ ነው፤ ቅንብሩን ሲያበሩት ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ የማመሳሰያው ዘዴም ብዙ ጊዜ ይዘጋል። «ኤችዲአር 400» (ብሩሁንና ጥቁሩን አስፍቶ የማሳያ ዘዴ ደረጃ) የሚለውም የስክሪኑ ብርሃን 400 ኒት (የብርሃን መለኪያ) ይደርሳል ከማለት ብዙም አያልፍም፤ የጀርባውን ብርሃን በክፍል በክፍል ማደብዘዝን አያስገድድምና በእንዲህ ያለ ሞኒተር ላይ ኤችዲአሩን አጥፍተው ቢጫወቱ ይሻላል። ኦሌዱ እዚህ ላይ ያለ ጥርጥር የተሻለ ነው።

ስለ ገመዱ ግን ጠበቅ አድርጌ ላሳስብዎት። ሁለቱም ሞኒተሮች በኤችዲኤምአይ ሲሰኩ 100 ሄርዝ ላይ ይቆማሉ። ሙሉ ፍጥነታቸውን የሚሰጡት በዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ነው፤ ካርድዎም ይህ መሰኪያ አለው። ከሰኩ በኋላ ዊንዶውስ ራሱ 144 ላይ አያደርገውም፤ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ይተወዋል። የማሳያ ቅንብር ውስጥ ገብተው በእጅዎ ይቀይሩት። ባለ 144 ገዝቶ ዓመት ሙሉ በ60 ሲጫወት የኖረ ደንበኛ አለኝ፤ ስቀይርለት ሞኒተሩን በሌላ የለወጥኩበት መስሎት ነበር።

ኦሌዱን የምመክረው ለማን ነው? ለጨዋታና ለፊልም ብቻ የሚውል ሁለተኛ ሞኒተር ለሚፈልግ፣ ክፍሉ ማታ የሚጨልምለት፣ ካርዱ ከ3060 ሁለት ደረጃ ከፍ ያለ፣ መብራቱ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆይ መሣሪያ) የታገዘ ሰው። እርስዎም ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕዘን ካበጁ፣ ያን ጊዜ ይጻፉልኝ፤ ያለማመንታት ግዙት እልዎታለሁ። ፈጣን የተኩስ ጌም የሚጫወቱ ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ከቪኤው ይልቅ ወደ አይፒኤስ እልክዎት ነበር፤ ጥቁሩ ይገረጣል፣ ጭራው ግን ያን ያህል የለም። ያገለገለ ኦሌድ በቅናሽ የሚያቀርብልዎት ሰው ካለ፣ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ግራጫ በሆነ ምስል ሞልተው ከታች በኩል አተኩረው ይዩት፤ የዊንዶውስ አሞሌ ጥላ ካለ እዚያ ያገኙታል።

ከሚተርፈው ገንዘብ ላይ አስቀድመው ዩፒኤስ ይግዙ። 3060 ብቻውን እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ ከፕሮሰሰሩና ከሞኒተሩ ጋር ሲደመር ጨዋታ ላይ 300 ዋት ገደማ ይደርሳል። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው ዩፒኤስ በትክክል የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ስለሆነ፣ ባትሪው ትንሽ ሲያረጅ መብራት በሄደበት ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። ከ1,000 ቪኤ አይነሱ። እዚህ ላይ ያለው ቪኤ የኃይል መለኪያ ነው፤ ከፓኔሉ ስም ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ያደባለቀ ሻጭ ስላጋጠመኝ ነው የማነሳው። ስታብላይዘር ካለዎት አይጣሉት፤ ነገር ግን እሱ ቮልቴጅን ያስተካክላል እንጂ የሄደ መብራትን አይተካም። ሞኒተር በብዛት የሚቃጠለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ በሚመጣው ግፊት ነው፤ ስለዚህ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ይታገሡ።

ከመግዛትዎ በፊት ጠረጴዛዎን ይለኩ። ሞኒተሩ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ዓይንዎና ስክሪኑ መካከል 70 ሴንቲ ሜትር ካልተገኘ የዳርና የዳሩን ለማየት አንገት ማዞር ይመጣል። የሱቅ ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ ጠባብ ስለሆነ በግድግዳ ወይም በክንድ መያዣ መስቀል ሊኖርብዎት ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ሲገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍተው ይዩት። ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በፍላሽ ላይ ጭነው ይሂዱ፤ በነጩ ላይ የሞተ ፒክስል፣ በጥቁሩ ላይ ደግሞ ማዕዘኖቹ ላይ የሚያፈስ ብርሃን ይፈልጉ። ደረሰኙ ላይ የሞኒተሩን ተከታታይ ቁጥር ያስጽፉ። ከዚያም መልሰው በካርቶኑና በፎሙ ያሽጉት። 130 ኪሎ ሜትሩን መንገድ እንደ ቆመ ይምጣ፤ ጠምዛዛ ስክሪን በጀርባው ተጋድሞ ላዩ ላይ የጤፍ ኩንታል ከተጫነበት መሐሉ ይሰነጠቃል። ሚኒባስ ከያዙ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍለው ከጎንዎ ያስቀምጡት። ደብረ ብርሃን ማታ ከደረሱ ካርቶኑ በርዶ ስለሚገባ ወዲያው አይክፈቱት፤ ሙቀት ባለበት ክፍል የቀዘቀዘ ስክሪን ውስጡ ጤዛ ይይዛልና ከነካርቶኑ ይደር። ጠዋት ሲያወጡት ሰው ጠርተው ሁለት ሆናችሁ በዳርና በዳር ያዙት፤ ጣት ስክሪኑ ላይ አይረፍ።